ከሩዝ ፍሬ የምታንስ አጥንት

ማክሰኞ ጠዋት ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ በጆሮ ሐኪሟ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች ነበርን፦ ሐኪሟ፣ ባለቤቴ፣ የባለቤቴ ታላቅ ወንድምና እኔ። የዐሥራ ሦስት ወር ልጃችንን የወንድሟ ሚስት ቤት ይዛው ቀርታለች። ባለቤቴን ካየኋት አራት ወር ከአንድ ሳምንት ሆኖኝ ነበር። እሷና ወንድሟ ከሐኪሟ ጠረጴዛ ፊት ባሉት ሁለት ወንበሮች ላይ ተቀመጡ። ሦስተኛ ወንበር ስላልነበረ ነርሷ ከኮሪደሩ አንድ አጭር በርጩማ አምጥታ ሰጠችኝና ከሁሉም ዝቅ ብዬ ተቀመጥኩ።

ወደዚያ ክፍል የሄድኩት ተስፋ ይዤ ነው። ወንድሟ «በሽታ ነው» ብሎኛል። በሽታ ከሆነ ጥፋተኛ የለም፤ ጥፋተኛ ከሌለ ደግሞ ወደ ቤቷ ትመለሳለች ብዬ አሰብኩ። ሸሚዜን ሁለት ጊዜ ተኩሼ ነበር የሄድኩት።

የሆነውን በቅጡ ለመናገር ግን ከፋብሪካው መጀመር አለብኝ።

የምሠራው በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ በሽመና ክፍል ነው። ማሽን ጠጋኝ ነኝ። በአንድ አዳራሽ ውስጥ ስልሳ አራት የሽመና ማሽን አለ። ሁሉም ሲሠራ የወለሉ ንዝረት በጫማ በኩል ገብቶ ጉልበት ድረስ ይወጣል። አዲስ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት ራሱን ይዞ ይከርማል፤ ከዚያ ይለምደዋል፤ ከዓመታት በኋላ ደግሞ ጆሮው ይደክማል። እዚያ ሰው የሚነጋገረው አፉን ጆሮ ላይ ለጥፎ እየጮኸ ነው፤ አለዚያም በእጅ ነው። ሁለት ጣት ማንሳት «ክሩ ተበጥሷል» ማለት ነው። ጡጫ ማሳየት «ማሽኑ ቆሟል» ማለት ነው። አፍንጫ መያዝ ደግሞ «አለቃው መጣ» ማለት ነው፤ ለምን አፍንጫ እንደሆነ የሚያስታውስ ሰው የለም።

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ድምፄ ከጥርሴ አያልፍም። ትምህርት ቤት አስተማሪያችን ተነሥተህ አንብብ ሲለኝ አነብ ነበር፤ የሚሰማኝ ግን አጠገቤ የተቀመጠው ልጅ ብቻ ነበር። ከዚህ የባሰው ደግሞ ሰው «ምን አልክ?» ካለኝ ያልኩትን መድገም ሞት ይሆንብኛል። «ምንም» ብዬ እተወዋለሁ። ጠጋኞቹ ገና በወሩ «ማርሚታ» የሚል ስም አወጡልኝ። ማርሚታ ከመኪና ጭስ ማውጫ ላይ ያለችው፣ የሞተሩን ድምፅ የምታፍነው ቆርቆሮ ናት።

እሷን ደግሞ «ራዳር» ነበር የሚሏት። ዐሥራ አራተኛው ማሽን ላይ ነበር የምትሠራው። በዚያ ሁሉ ጫጫታ፣ ሌላው ሰው አፍና ጆሮ ገጥሞ እንኳ በማይደማመጥበት፣ እሷ ትሰማለች። አንድ ቀን አለቃችን ከሷ ሁለት ማሽን ርቆ በአንዱ ጠጋኝ ጆሮ ውስጥ እየጮኸ፣ «ይቺ ልጅ ሽንት ቤት ከሄደች አትመለስም» ሲል አሳቀው። እሷ ከማሽኗ ቀና ሳትል፣ «በሩ ስለተሰበረ ይዤው ነው የምቀመጠው፤ አስጠግኑትና ቶሎ እመለሳለሁ!» አለችው።

አለቃችን ክው አለ። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል፣ ያንቺ በምን ዘመድ ሆነ?» አላት።

እኔ ማሽን ሥር ተኝቼ ስሠራ ጮክ ብዬ ብቻዬን የማውራት ልማድ ነበረኝ። በዓለም ላይ ያለ ፍርሃት የምጮኸው እዚያ ብቻ ነበር፤ ማን ይሰማኛል? አንድ ቀን የዐሥራ አራተኛውን ማሽን ብሎን እያጠበቅሁ፣ «ምን አለ ይቺ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ዞር ብላ ብታየኝ!» አልኩ።

ከበላዬ መልስ መጣ። «እያየሁህ ነው። ይልቅ ብሎኑን በደንብ አጥብቀው፤ ትናንትም ላልቶብኛል።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለአንድ ዓመት ያህል፣ ማሽኑ በሠራ ቁጥር ያልነገርኳት ነገር የለም። አባቴ ጥሎን የሄደ ጊዜ ስንት ዓመቴ እንደነበር ነገርኳት። ከውሻ በላይ ዶሮ እንደምፈራ ነገርኳት። በዚያ ጫጫታ ውስጥ የምትሰማኝ እሷ ብቻ ስለነበረች አላፍርም ነበር።

እንድንጋባ የጠየቅኋት ቀን መብራት ጠፋ። ስልሳ አራት ማሽን በአንድ ጊዜ ቀጥ ሲል ዝምታው ራሱ ጆሮ ይወጋል። ሠራተኛው ሁሉ አየር ሊቀበል ወጣ፤ እኔና እሷ ቀረን። ለሳምንታት ያጠናሁትን ነገር በዚያች ድምፄ አልኳት። «ብንጋባስ?»

አየችኝ። ፈገግ አለች። ከዚያ ጋዋኗ ላይ የተጣበቀውን የጥጥ ብናኝ ማራገፍ ጀመረች። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከሃያ ደቂቃ በኋላ መብራት መጣ፤ ማሽኖቹ ተነሡ። እጅጌዬን ጎተተችኝ።

«ቅድም ምን ነበር ያልከኝ?»

ማሽኑ ሲሠራ መድገም አያስፈራኝም። ጮህኩት።

«እሺ» አለች፤ ወዲያው። ቁልፉን ተጭና ሥራዋን ቀጠለች።

ሠርጋችን ላይ «ሁለቴ አስለመነችኝ» እያልኩ ሰው አሳቅሁ። አለቃችንም ብድግ ብሎ፣ «ራዳር ማርሚታን አገባች፤ እንግዲህ ከዚህ ቤት ወሬ ቢወጣ ከምላሴ ፀጉር!» አለ።

የተከራየነው ሁለት ክፍል ከመንገድ ገባ ያለ፣ ከግቢው መጨረሻ ያለ ነበር። ከአከራያችን ቤት የሚለየን አንድ ጣውላ ብቻ ነው። እሳቸው ሲያስሉ እኛ «ይማርዎ» እንላለን፤ እኛ ማንኪያ ሲወድቅብን እሳቸው «ምን ተሰበረ?» ይላሉ። እንዲህ ባለ ቤት እንደኔ ያለ ሰው ድምፁን ይብስ ይቀንሳል። አከራያችን ባለቤቴን ግቢ ውስጥ ባገኟት ቁጥር፣ «የታደልሽ! ያንቺን ባል እኮ ድምፁን ሰምቼው አላውቅም። የኔው ነፍሱን ይማረውና ጣሪያ ነበር የሚያነሣው» ይሏታል። እኔም ይህን ስሰማ በልቤ ደስ ይለኝ ነበር። ሚስቱ ላይ የማይጮህ ባል ነኝ ብዬ እኮራ ነበር።

በመጀመሪያዎቹ ወራት ምንም አልታወቀንም። ቀን ፋብሪካ ውስጥ እናወራለን፤ ማታ ደክሞን እንተኛለን። እርግዝናዋ ሲገፋ ግን ሥራዋን ተወች። ከዚያ በኋላ የቀረን ቤቱ ብቻ ሆነ።

ከሥራ ገብቼ ጫማዬን እያወለቅሁ፣ «ዛሬ አለቃው የማሽን ግራሶ ረግጦ ወደቀ» እላታለሁ። ልብስ ማጠፏን ትቀጥላለች። ቆይታ፣ «ምን አልክ?» ትለኛለች።

«ምንም።»

መጀመሪያ ሰሞን በቀን አራት አምስት ጊዜ «ምን አልክ?» ትለኝ ነበር። እኔም አራት አምስት ጊዜ «ምንም» እላለሁ። እየቆየ መጠየቅ ተወች። እኔም መናገር ቀነስኩ። አንድ ማታ ጀርባዋን ሰጥታኝ ድንች ስትልጥ፣ ፊት ለፊት የማልደፍረውን ነገር ለጀርባዋ ነገርኳት። አባት መሆን እንደፈራሁ፣ አባቴን እንዳልመስል እንደፈራሁ ነገርኳት። ድንቹን መላጥ ቀጠለች። ሰምታ እንዳልሰማች ያለፈችኝ መሰለኝ። ስልሳ አራት ማሽን ያላገዳት ሴት፣ ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ፣ በሁለት ክንድ ርቀት አልሰማችኝም ብዬ እንዴት ላስብ? ራዳር አይደለችም?

የሷም ድምፅ እየቀነሰ ሄደ። ስትናገር ለራሷ የምታንሾካሹክ ይመስል ነበር። አኩርፋለች አልኩ።

ልጃችን ሲወለድ እናቴ ልታርሳት መጣች፤ በዚያው እኛ ጋ ቀረች። እናቴ ሠላሳ ዓመት ገበያ ውስጥ ጎመንና ሽንኩርት የሸጠች ሴት ናት፤ ድምፅዋ መንገድ ተሻግሮ ደንበኛ ይይዛል። እሷ በመጣች ጊዜ ባለቤቴ እፎይ ያለች መሰለኝ፤ ቶሎ ቶሎ ትመልስላት፣ ትታዘዛት ነበር። እናቴን ስትሰማ እኔን አለመስማቷ ጥርጣሬዬን አባሰው። አሁን ሳስበው፣ በዚያ ቤት ውስጥ ጆሮዋ የሚደርሰው የእናቴ ድምፅ ብቻ ነበር።

እናቴ ክፉ ሰው አይደለችም። የልጁን ዳይፐር ስትቀይር እግሩን እየሳመች ነው። ግን ያየችውን ትናገራለች። «ሕፃን ሲያለቅስ ጀርባዋን የምትሰጥ እናት አይቼ አላውቅም» አለችኝ አንድ ቀን። «ሲመቻት ትሰማለች፤ ሳይመቻት ጆሮ ዳባ ልበስ ትላለች። አንተ ደግሞ አፍ የለህም።»

«ተያት፣ እማዬ» አልኩ።

«ምን አልክ?»

«ምንም።»

ልጁ የወደቀው በዘጠነኛ ወሩ፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። እኔ ከሥራ ስመለስ እናቴ ሳሙና ገዝታ ስትመጣ የግቢው በር ላይ ተገናኘን። ለቅሶው ከዚያ ይሰማል። እናቴ ነጠላዋን ጥላ ሮጠች። ስንገባ ልጁ ከአልጋው ወድቆ ወለሉ ላይ ነው፤ ፊቱ ቀልቶ፣ ድምፁ ሰልሎ፣ ግንባሩ ላይ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቷል። ባለቤቴ መስኮቱ አጠገብ ጀርባዋን ሰጥታ የደረቀ ልብስ ታጥፋለች። በአልጋውና በእሷ መካከል ሁለት እርምጃ ነው። እኔም በዓይኔ ለካሁት፤ ሁለት እርምጃ።

እናቴ ልጁን አነሣችው። ባለቤቴ ዞር ስትል አየችንና ጮኸች። ልጁን ልትቀበል እጇን ስትዘረጋ እናቴ ከለከለቻት።

«ልጅሽ እኮ ነው፤ የጎረቤት ድመት አይደለም!»

«አልሰማሁም» አለች ባለቤቴ።

«አልሰማሁም ትላለች! ፋብሪካው ሁሉ ራዳር እያለ የሚጠራው ማንን ነው?»

«እውነቴን ነው፤ አልሰማሁም። እንቅልፍ ላይ ነበር።»

ልጁን በግድ ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው፤ እብጠቱን እየሳመች ታለቅስ ነበር። ሁለቱንም ማብረድ ፈለግሁ። «ትንሽ ቀን ወንድምሽ ጋ ሄደሽ አረፍ ብትዪስ» አልኳት። ያልኩት ይህን ነው፤ አረፍ ብትዪ። ዓይኗ ልጁ ላይ ነበር።

እናቴን ቀና ብላ፣ «ምን አለ?» አለቻት።

«ሂጂ ነው የሚልሽ!» አለች እናቴ፤ አከራያችን ጣውላው ወዲያ ማዶ ማሳላቸውን አቆሙ።

ባለቤቴ ወደ እኔ ዞረች። እኔ ወለሉን አየሁ። እንደዚያ አላልኩም ማለት እናቴን ሰው እየሰማ ማሳፈር ነው፤ ድምፅን ከፍ ማድረግም ያስፈልጋል። ነገሩ ይብረድና ኋላ ለብቻዋ አስረዳታለሁ አልኩ። እሷ ግን የልጁን ልብስ በሻንጣ ከተተች፤ ልጁን አዘለች፤ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ሄደች።

በእነዚያ አራት ወራት ሁለት ጊዜ እስከ ወንድሟ ሰፈር ሄጃለሁ። ወንድሟ ብረት በያጅ ነው፤ በርና መስኮት ይሠራል፤ ቤቱም ከብየዳ ቤቱ ጀርባ ነው። ሁለቱንም ጊዜ መታጠፊያው ላይ ቆሜ፣ የምለውን አዘጋጅቼ፣ ሳልለው ተመለስኩ።

በመጨረሻ እሱ ራሱ መጣ። ከፋብሪካው በር ስወጣ ግንቡን ተደግፎ ጠበቀኝ። ሊመታኝ መስሎኝ ነበር።

«አንተ ሰውዬ፣ እህቴ እኮ አትሰማም!» አለኝ።

«ማለት፣ ጋሼ?»

«ማለትማ አትሰማም! ግራይንደሩን ይዤ ብረት ስቆርጥ መጥታ ትቆማለች። እየጮህኩ አወራታለሁ፤ ትመልስልኛለች፤ ትስቃለች። ግራይንደሩን አጥፍቼ ቀስ ብዬ ሳወራት ግን አፍ አፌን ታያለች። ሳምንት ሙሉ ፈተንኳት። አብርቼ አጥፍቼ፣ አብርቼ አጥፍቼ! የሰፈሩ ሰው አበደ አለኝ። አንተ ሁለት ዓመት አብረሃት ስትኖር ምን ትሠራ ነበር?»

ከሸሚዜ ላይ የጥጥ ብናኝ ማራገፍ ጀመርኩ።

«በሽታ ነው። ለማክሰኞ ሐኪም ጋ ቀጠሮ አለን። ባል ካለ ይምጣ ብለዋል። ባል ካለ፤ ሰማህ?» ብሎኝ ሄደ።

ወደ ማክሰኞው ልመለስ። ሐኪሟ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ፣ ፀጉራቸው የሸበተ ሴት ናቸው። ባለቤቴን ሲያናግሯት ፊታቸውን አዙረውላት፣ ከፍ ባለ ድምፅ ነበር፤ እሷም ሁሉንም ትመልስ ነበር። ሹካ የመሰለች ብረት ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ መተው ከጆሮዋ ፊት ያዙላት።

«ይሰማሻል?»

«አይሰማኝም።»

ብረቷ እየነዘረች ነው፤ እኔ በርጩማዬ ላይ ሆኜ እሰማታለሁ። ከዚያ የብረቷን እግር ከባለቤቴ ጆሮ ጀርባ ካለው አጥንት ላይ አሳረፉት። ባለቤቴ ደነገጠች።

«አሁንማ ጭንቅላቴ ውስጥ ይጮኻል!»

ያን ጊዜ ገባኝ። እኛ ጠጋኞች ማሽን ውስጥ ዘንጉ የሚዞርበት ኩሽኔታ ሲነክስ የምናውቀው እንዲሁ ነው። የብሎን መፍቻውን፣ የካቻቢቴውን ጫፍ ማሽኑ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮ ጀርባ አጥንት ላይ እንደግፋለን፤ በአየር የማይሰማው በአጥንት ይሰማል። ስምንት ዓመት ማሽን በአጥንቴ ሳዳምጥ ኖሬያለሁ።

ሐኪሟ ከመሳቢያ ውስጥ የዳቦ መጠን ያለው የፕላስቲክ ጆሮ አወጡና ከፈቱት። «ይህ የጆሮ ታምቡር ነው። ከኋላው ሦስት ትንንሽ አጥንቶች ተያይዘው አሉ። ድምፅ ታምቡሩን ሲመታው አንዱ ሌላውን እየገፋ ወደ ውስጥ ያሳልፉታል። ይቺ መዶሻ ትባላለች፤ ይቺ መስፍ...»

«መዶሻና መስፍ?» አለ ወንድሟ። «እኔ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ ብረት ቤት ተሸክሜ ነው የምዞረው? ግብር ያስከፍሉኝ ይሆን?»

ባለቤቴ ሳቀች። ሳቋን ከሰማሁ ቆይቶ ነበር።

«ሦስተኛዋ እርካብ ናት» አሉ ሐኪሟ፣ እሳቸውም እየሳቁ። «እንደ ፈረስ እርካብ ስለሆነች ነው። በሰውነታችን ካሉት አጥንቶች ሁሉ ትንሿ ናት፤ ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች። ሥራዋ መንቀጥቀጥ ነው። ያንቺዋ ዙሪያዋን ሌላ አጥንት በቅሎባት ከግድግዳው ጋር ተጣብቃለች። ቀስ እያለ የሚመጣ ነው፤ በአንዳንድ ሴቶች ደግሞ በእርግዝና ጊዜ ይብሳል። በቀዶ ሕክምና ይስተካከላል።»

«ታዲያ ፋብሪካ ውስጥ እንዴት ነበር የምሰማው?» አለች ባለቤቴ።

«እንዲህ ዓይነት ጆሮ ያለው ሰው ጫጫታ ውስጥ ይሻለዋል። ሌላውን ሰው የሚያደነቁረው ጫጫታ አንቺን ብዙ አይረብሽሽም፤ በዚያ ላይ እዚያ ሁሉም ይጮኻል። ከንፈር ማንበብም ሳታውቂው ተምረሻል። ቤት ግን ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚያወራው። የራስሽ ድምፅ ደግሞ በአጥንትሽ በኩል ጎልቶ ስለሚሰማሽ አንቺም ቀስ ብለሽ ነው የምታወሪው።» ወደ እኔ ዞሩ። «መጀመሪያ የታወቀህ መቼ ነው?»

«አልታወቀኝም» አልኩ።

«ምን?»

«አልታወቀኝም ነው የሚለው» አለ ወንድሟ።

ባለቤቴ የፕላስቲኩን ጆሮ አንሥታ አገላበጠችው። ከዚያ እኔን ሳይሆን ሐኪሟን ጠየቀች። «እንግዲያው ቤት ውስጥ ያናግረኝ ነበር ማለት ነው?»

«እሱን ጠይቂው» አሏት።

ዞረች። «ታናግረኝ ነበር?»

በአዎንታ ራሴን ነቀነቅሁ።

«እኔ እኮ የምትለኝ ነገር ያለቀብህ መስሎኝ ነበር። ምን አልክ ስልህ ምንም ትለኛለህ። ፋብሪካ ውስጥ እንደዚያ የሚያወራ ሰው፣ ሲያገባኝ የሚለኝ ጠፋው ብዬ...» አልጨረሰችውም። «ምን ነበር የምትለኝ?»

ከበርጩማው ተነሣሁ። በሩ ግማሽ ክፍት ነው፤ ኮሪደሩ ወረፋ በሚጠብቅ ሰው ሞልቷል። ጮህኩ።

«አባት መሆን ፈርቻለሁ ብዬሻለሁ! ድንች ስትልጪ ነው ያልኩሽ! ዐሥራ አራተኛው ማሽን ላይ ሌላ ሰው ሲያስቀምጡ አስጠላኝ ብዬሻለሁ! አለቃው በግራሶ መውደቁን ነግሬሻለሁ! ፀጉርሽን ስትታጠቢ ከኋላሽ ቆሜ ቆንጆ ነሽ ብዬሻለሁ፤ ብዙ ቀን! ሳትዞሪ ስትቀሪ ጠላችኝ አልኩ!»

ነርሷ አንገቷን አስገብታ፣ «ችግር አለ?» አለች።

«ምንም ችግር የለም፤ ሰውየው እያወራ ነው» አላት ወንድሟ።

ባለቤቴ እያለቀሰች ትስቅ ነበር። «ቆንጆ ነሽ ብለኸኛል?»

«ብዬሻለሁ!»

«አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብትጮኽብኝ ኖሮ እሰማህ ነበር እኮ።»

እጇን አገጯ ሥር አድርጋ ዓይን ዓይኔን ታየኝ ጀመር፤ መብራት የመጣ ቀን እንዳየችኝ። አለቀ፣ ታረቅን አልኩ። «እንግዲህ ወደ ቤትሽ ነይ!» አልኩ፣ ያው እየጮህኩ። «የማንም ጥፋት አይደለም! ያንቺም አይደለም፣ የኔም አይደለም፤ አጥንቷ ናት!»

እንባዋን በመዳፏ ጠረገች። በዚያ ቀስ ባለ ድምፅዋ ተናገረች፤ እኔም ለመስማት ጎንበስ አልኩ።

«ላልሰማሁት ሁሉ አጥንቷ ናት፣ እሺ። እናትህ ሂጂ ነው የሚልሽ ስትለኝ ግን እኔ የማየው አንተን ነበር። ሂጂ ብለኸኝ ነበር?»

«አላልኩም! አረፍ በይ ነው ያልኩት!»

«እናትህ ሂጂ ብሎሻል ስትል ሰምተሃታል?»

«ሰምቻለሁ» አልኩ። ድምፄ ወርዶ ነበር፤ ግን ከንፈሬን አየችው።

«ያንተ ጆሮ ደህና ነው» አለች። «ያን ጊዜ ራስህን ብትነቀንቅልኝ ይበቃኝ ነበር። እንደዚህ።» ራሷን ግራና ቀኝ አወዛወዘች። «ለዚህ ድምፅ አያስፈልግም። ልጄን ይዤ ፊት ለፊትህ ቆሜ፣ አይ በለኝ ብዬ ጠበቅሁህ። አንተ ወለል ወለሉን ታያለህ። መንገዱን ሙሉ፣ ምናልባት አሁን ከኋላዬ ይመጣል እያልኩ ስዞር ነበር የሄድኩት።»

ዞራ ያየችውን መንገድ አውቀዋለሁ፤ ከግቢያችን እስከ አስፋልቱ ቀጥ ያለ ነው፤ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ይታያል። እኔ ያን ጊዜ አልጋው ላይ ተቀምጬ ጫማዬን እያሰርኩ እፈታ ነበር። ወንድሟ ቀልዱን ትቶ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል።

«እናቴን እመልሳታለሁ» አልኩ በመጨረሻ።

«ምን አልክ?»

«እናቴ ወደ ቤቷ ትሄዳለች!»

«እናትህ ምን አደረገችህ?» አለች። «እሷማ ያመነችውን ነው የተናገረችው። በዚያ ቤት የሚያናግረኝ ሰው እሷ ብቻ ነበረች። በሷ አልተቀየምኩም።»

ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞረችና፣ «ቀዶ ሕክምናው ያማል?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሐኪሟ እንደማያምም፣ የተጣበቀችውን አጥንት አውጥተው በቦታዋ ከፀጉር ጥቂት የምትወፍር ቁራጭ ሽቦ እንደሚተኩ፣ መጀመሪያ በአንድ ጆሮ ብቻ እንደሚሠራ አስረዷት። እኔ በርጩማው ላይ ተመልሼ ተቀምጬ ነበር። ሐኪሟ ቅጹን አውጥተው «የሚፈርመው የቅርብ ሰው ማነው?» ሲሉ ሁለታችንም፣ ወንድሟና እኔ፣ እጃችንን ወደ እስክሪብቶው ዘረጋን። ባለቤቴ እስክሪብቶውን አንሥታ ለወንድሟ ሰጠችው።

ቀዶ ሕክምናው ከስድስት ሳምንት በኋላ ሐሙስ ቀን በቀኝ ጆሮዋ ተደረገላት፤ በደንብ ትሰማለች። በዚያው ዓመት ተፋታን። ልጃችን እሑድ እሑድ እኔ ጋ ይውላል።